ሁለተኛው ወለምታ

ልጁ የተጎዳው ቅርጫት ኳስ ሲጫወት፣ ሪባውንድ (ከሪንግ ነጥሮ የተመለሰ ኳስ) ይዞ ሲወርድ የገዛ ቡድኑ ሴንተር፣ ማለትም ሪንጉ ሥር የሚቆመው ተጫዋች፣ ጫማ ላይ አርፎ ነው። ጣቶቹ ወደ ታች እንደተዘረጉ ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አጠገቡ የነበሩት «ቀጭ ሲል ሰምተናል» አሉ። ጎንደር ውስጥ ያለ የሲሚንቶ ሜዳ ነው፤ ውድድር ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ልጁ በደመወዝ የሚጫወት ፎርዋርድ (የፊት መስመር ተጫዋች) ነው። ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ ሜዳውን አቧራ የሚጠርግ፣ ሌላው ሲሄድ እስኪጨልም ፍሪ ስሮው (የቅጣት ውርወራ) የሚወረውር። ጉዳቱን ያባባሰውም ይኸው ትጋቱ ነው።

እንደወደቀ ተነሳና የጫማውን ክር ጠበቅ አድርጎ አሰረ። «ኮች፣ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ሲሞቅ ይለቃል» አለ። አሰልጣኙም ቀጥል አለው። ሲሞቅ ሕመሙ መቀነሱ እውነት ነው፤ የተጎዳው ጅማት ግን ያንጊዜም እየደማ ነው። ማታ ቤት ሲደርስ ጎረቤቶች በጨው ውሃ ዘፈዘፉት፣ ከዚያም ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሽቶ ሳበው። ሲነጋ እግሩ ጫማ አልገባ አለ።

ወጌሻ ላይ መፍረድ አይገባም። አውቆ የሚሠራው ሥራ አለው፣ ሰፈሩም ያምነዋል። ነገር ግን አጥንቱ ይሰበር አይሰበር ያልታወቀ እግር አይሳብም። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሙቀትና እሽታ የደም ሥሩን ስለሚከፍቱ እብጠቱን ይጨምሩታል። ከቁርጭምጭሚቱ በውጪ በኩል ሦስት ጅማቶች አሉ። በእንዲህ ያለ አወዳደቅ መጀመሪያ የሚቀደደው የፊተኛው ነው፤ ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው፣ እግር ወደ ታች ተዘርግቶ ሲታጠፍም ዋናው ጭነት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሜዳው ዳር ላይ መደረግ የነበረበት ቀላል ነው። ካናዳ ኦታዋ ውስጥ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመሪያ አለ፤ አሰልጣኝ ሁሉ በቃሉ ሊይዘው የሚገባ ነው። ተጎጂው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ ይራመዳል ወይ? በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉትን የሁለቱንም የአጥንት ጉብታዎች ጫፍና የኋላ ጠርዛቸውን ወደ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል በጣት ሲጫኑት አጥንቱ ራሱ ያማል ወይ? በእግሩ መሐል በውጪ በኩል፣ የትንሿ ጣት አጥንት የሚነሳበት ጉጥስ? በውስጥ በኩል፣ የእግሩ ቅስት አናት ላይ ያለው አጥንትስ? መራመድ ካቃተው ወይም ከነዚህ በአንዱ ላይ አጥንቱ ካመመው ራጅ ይነሳል። ልጁ በማግሥቱ አራት እርምጃ መራመድ አልቻለም። ራጅ ተነሳ፤ ስብራት የለም። ዕድለኛ ነው።

በረዶ ከየት ይመጣል የሚል አይጠፋም። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልቶ ፍሪጅ ላላት ጁስ ቤት አደራ ማስቀመጥ ነው፤ እስከ አፉ ከሞሉት ሲረጋ ይፈነዳል። በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ። ጨርቁ ከተረሳ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ላስቲክ ፋሻው ከጣቶች ሥር ተነስቶ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ እብጠቱ ወደ ጣቶች ይወርዳል። እግር ከልብ ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ የባጃጅ ሳምንት ነው። የጎንደር ቁልቁለትና ኮብልስቶን ጤነኛውንም እግር ያንገዳግዳል።

በዘጠነኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ጠፋ። ልጁ ሜዳውን ቀጥ ብሎ ሮጦ አሳየ፤ አሰልጣኙም አምኖ ወደ ልምምድ ጨዋታ አስገባው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ኳስ እየነጠረ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ማንም ሳይነካው ያው ቀኝ እግሩ እንደገና ወለም አለው።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጅማት ገመድ ብቻ አይደለም፤ እግር በምን አቅጣጫ እንዳዘመመ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉት። ሲቀደድ እነሱም ይጎዳሉ። ሕመሙ በሳምንት ቢለቅ የነርቩና የጡንቻው ቅንጅት ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ እግሩ ሲዞር ጡንቻው ዘግይቶ ይደርሳል። ቀጥ ብሎ መሮጥ ይህን አያጋልጥም፣ መታጠፍ ነው የሚያጋልጠው። ስለዚህ «አያመኝም» የሚለው ቃል ለመመለስ ፈቃድ መሆን አልነበረበትም።

ይህ በታላላቆቹም ላይ ደርሷል። በአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ ይጫወት የነበረው ግራንት ሂል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2000 ለዲትሮይት ቡድን ሲጫወት፣ ፕሌይኦፉ (የጥሎ ማለፉ ውድድር) ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ግራ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። አላረፈም፤ ከማያሚ ጋር በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ ብሶበት ወጣ። ከዚያ ወደ ኦርላንዶ ተዛውሮ በአራት የውድድር ዘመን በድምሩ የተጫወተው 47 ጨዋታ ነው። እስከ 40 ዓመቱ የተጫወተን ሰው በስንፍና የሚከስ የለም።

የዚያው ሊግ ተጫዋች ስቴፈን ከሪም ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በ2011-12 የተጫወተው 26 ጨዋታ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 78 ጨዋታ ተጫውቶ 272 ባለ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ፤ ለዚያን ጊዜ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። መከላከያ ማሰሪያውን ለዓመታት አላወለቀም፤ ሥራውን ግን ወደ ዳሌና መቀመጫ ጡንቻ አዞረ። ዳሌ ጠንክሮ አቅጣጫ የመቀየሩን ጭነት ካልተቀበለ ሁሉም ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። የኛ ልጆች ከከሪ የሚቀዱት አወራወሩን ነው። ይኸኛው ቪዲዮ ላይ ስለማይደምቅ ይሆናል።

ከሁለተኛው ጉዳት በኋላ ልጁ በሥርዓት ተያዘ። መጀመሪያ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ፣ በመጨረሻ እዚያው ላይ ቆሞ የሚወረወርለትን ኳስ መቀበል። ለዳሌ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ፣ በአንድ እግር ቆሞ ጀርባን ሳያጎብጡ ወደ ፊት ማዘንበልና መመለስ፤ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ቁርጭምጭሚቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካው በግድግዳ ነው፦ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት ግድግዳውን እየነካ ጣትን ማራቅ። የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ገና ነው። በአንድ እግር ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዘሎ የሚሸፍነው ርቀትም ከጤነኛው እግር 90 በመቶ መድረስ አለበት።

ይህን ሲያልፍ ብቻ የሜዳውን 28 ሜትር ቀጥታ መሮጥ፣ ከዚያ በሁለት ድንጋይ መሐል የስምንት ቁጥር ሩጫ፣ ከዚያ ከ6.75 ሜትሩ መስመር ወደ ሪንግ መቁረጥ፣ ከዚያ ዘሎ በአንድ እግር ማረፍ። ግፊያ ያለበት ልምምድ የመጨረሻው ነው። በማግሥቱ ጠዋት እግሩ ካበጠ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ለዚህ ክርክር የለም። ልጁ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፣ ሁለቴም ተቆጥቷል።

ውድድሩ አመለጠው። በሰባተኛው ሳምንት ሲገባ እግሩ በቴፕ ታስሮ ነበር፤ እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ያሰረለት ሰው ገልብጦት ነበር። እግር 90 ዲግሪ ተይዞ፣ 3.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማይለጠጥ ቴፕ ከቅልጥሙ በውስጥ በኩል ይነሳል፣ በተረከዝ ሥር ያልፋል፣ በውጪ በኩል ወደ ላይ ተስቦ ይለጠፋል፤ ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን በግማሽ እየሸፈነ። ከውጪ ወደ ውስጥ ከተሳበ እግሩን ወደ ተጎዳበት አቅጣጫ ይጎትተዋል። ሲጨረስ የአውራ ጣት ጥፍር ይጫኑታል፤ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ጠብቋልና ይፈታል። ላብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለሚያላላው በዕረፍት ሰዓት እንደገና መታሰር አለበት። ክለቡ ለዚህ ቴፕ ማውጣት ሲሰለቸው ክር ያለው ማሰሪያ ገዛለት፤ ታጥቦ ተመልሶ ስለሚለበስ ለክለቡ የሚረክሰው እሱ ነው።