የአንድ ጥማድ ስህተት

ይሄ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል፣ ግን ትራፒዚየም የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ያቺ ሴትዮ ፊቴ ድቅን ትልብኛለች።

ያኔ ምሥራቅ ጎጃም ከጮቄ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ወረዳ የመሬት ባለሙያ ሆኜ ገና መቀጠሬ ነው። አባታቸው የሞቱባቸው ወንድምና እህት ማሳው ይከፈልልን ብለው አመለከቱና ከቀበሌው ኮሚቴና ከሽማግሌዎች ጋር ሄድን። ማሳው ከላይ በመንገድ ከታች በወንዝ ይዋሰናል፣ ሁለቱ ወሰኖች ትይዩ ናቸው፣ ላዩ ጠበብ ታቹ ሰፋ ያለ፣ ትራፒዚየም የሚሉት ቅርጽ። ቁጥሩን ላጠጋጋላችሁና የላዩ ወርድ 70 ሜትር፣ የታቹ 170፣ ከላይ እስከ ታች 100 ሜትር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ ሜትሩን በሰያፉ ድንበር ላይ ይዘረጋና ያንን ከፍታ ብሎ ይይዛል፣ ከፍታ ግን ሁለቱን ትይዩ ጎኖች ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ የሚያገናኘው ነው። እኔ እሱን ተጠንቅቄ ለካሁ። 70ና 170 ሲደመር 240፣ ለሁለት ሲካፈል 120፣ በ100 ሲባዛ 12,000 ካሬ ሜትር። እስከዚህ ልክ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ቁልቁል ከተከፈለ ቁልቁል ይታረስና አፈሩ ይታጠባል፣ አግድም ይከፈል አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔም ከመንገዱ 50 ሜትር ለክቼ ችካል መታሁ፣ ድንጋይ ተተከለ፣ ዕጣ ተጣለ፣ ላይኛው ለእህትየው ደረሰ። ሜትር ከተዘረጋ በኋላ ማን ይከራከራል፣ ሁሉም ፈርሞ ተለያየን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሴትዮዋ ቢሮ መጣች። ቁጣ የለ ለቅሶ የለ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቁጭ አለችና «ወንድም ዓለም፣ መሬቴን የእኩል የሰጠሁት ሰው በሁለት ቀን አርሶ ጨረሰ፣ የወንድሜ ግን ሦስት ቀን ፈጀ፣ በሬው ያው በሬ ነው፣ አፈሩም ያው ነው፣ እስቲ እየው» አለችኝ።

ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ። ወረቀት አወጣሁና አሰላሁት፦ ድንጋዩ የተተከለበት የማሳው መሐል ላይ ወርዱ 120 ነው፣ ላይኛው ቁራሽ 70ና 120 ተደምሮ ለሁለት 95፣ በ50 ሲባዛ 4,750። ታችኛው 120ና 170 ለሁለት 145፣ በ50 ሲባዛ 7,250። ልዩነቱ 2,500 ካሬ ሜትር፣ አንድ ጥማድ! ላብ አጠመቀኝ። ርዝመቱን እንጂ መሬቱን እኩል አልከፈልኩትም፣ የሷ ገበሬ በሞፈርና ቀንበር የለካው ከኔ ሜትር በለጠ።

ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ሁለቱን ወርዶች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ መደመር፣ ለሁለት መካፈልና ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው፦ 4,900 ሲደመር 28,900 ይሆናል 33,800፣ ግማሹ 16,900፣ ስኩዌር ሩቱ 130። ማሳው አንድ ሜትር በወረድክ ቁጥር አንድ ሜትር ስለሚሰፋ ወርዱ 130 የሚሆነው ከመንገዱ 60 ሜትር ላይ ነው። በኋላ ሳነብ እኮ ከ4,000 ዓመት በፊት የሜሶጶጣሚያ፣ የዛሬዋ ኢራቅ፣ ጸሐፊዎች ወርዱ 7ና 17 የሆነውን ትራፒዚየም ልክ ወርዱ 13 የሆነበት ላይ እኩል ከፍለውት በሸክላ ላይ ጽፈው አስቀምጠውታል፣ እኔ ዲፕሎማ ይዤ አላወቅኩትም።

አለቃዬ የተፈረመበት ነገር አይነካካ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሽማግሌዎቹን ለምኜ ተመለስን። ወንድምየው «ዕጣ ነው የደረሰኝ፣ የእግዜር ነው» ብሎ ድርቅ አለ። አልፈርድበትም። ስኩዌር ሩት አላወራሁም፣ ገመድ ይዤ በላይኛው ቁራሽ መሐል ወርዱን ለካሁና ቆረጥኩ፣ በታችኛውም እንደዛው፣ ከዛ ሁለቱን ገመድ መንገዱ ላይ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። የታችኛው በ50 ሜትር በለጠ፣ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ሄደ። ሁሉም ዝም። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ትርፉን ገመድ ነካ አድርገው «ልጄ፣ ዕጣው የወጣው እኩል ነው ተብሎ ነው እኮ፣ እኩል ካልሆነ ምኑን ዕጣ ሆነ» አሉት። ትንሽ ቆየና እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ነቀለው።

10 ሜትር ወደ ታች አወረድነው። የላዩ አማካይ ወርድ 100 በ60፣ የታቹ 150 በ40፣ ሁለቱም 6,000። ሁለቱንም በድምፅ እያሰላሁ፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ።

ያቺ 10 ሜትር ቁራጭ ግን ወንድምየው አርሷታል፣ 1,250 ካሬ ሜትር፣ ግማሽ ጥማድ ማለት ነው። እህትየው አዲሱን ድንጋይ በእግሯ ጠቅጠቅ አድርጋ «አያ፣ የግማሽ ቀን ድካምህን አልበላም፣ ሰኞ በሬውንና ሰውዬውን እሰድልሃለሁ» አለችው። ሰኞ ጠዋት ላየው ሄድኩ፣ ልካለታለች።