ያልተነፋው ጡሩንባ

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት

ጋሼን ማክሰኞ ቀበርናቸው። ዛሬ ሣልስታቸው ወጣ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰሃኑ ተቆጠረ፤ ሁለት ጎደለ። ቤት ውስጥ ሁሉም ተኝቷል። እኔ የእድሩን መዝገብ ዘርግቼ ከቀብር የቀሩትን ሰዎች ስም ልጽፍ ተቀምጫለሁ። አሥራ አንድ ናቸው። እስካሁን አንዱንም አልጻፍኩም።

በድሮው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ «ዳኛው» ከተባለ እሳቸው ነበሩ። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነበር፤ ፍርድ ቤት የረገጡት ለምስክርነት ብቻ ነው። ግን ከ30 ዓመት በላይ የእድራችን ዳኛ ሆነው ቆዩ። አዲስ አበባ ሲገቡ አንድም ዘመድ አልነበራቸውም። እድርም እዚህ ከተማ የበዛው በእንደሳቸው ዓይነቱ ሰው ነው፤ አገር ቤት የሚቀብርህ ወንድምና አጎት አለ፣ እዚህ ያለው ጎረቤት ነው። «መንገድ ላይ ብወድቅ ማን ያነሳኛል ብዬ ነው የገባሁት» ይሉ ነበር።

ቅጣት ላይ ምሕረት አያውቁም ነበር። በተጋባሁ በአራተኛው ቀን አንዲት ባልቴት ሞቱና ቀብር ቀረሁ። በወሩ ስብሰባ ስሜ ተነበበ። «ጋሼ፣ ሙሽራ ነበርኩኮ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ሳያነሱ «እሳቸውም ሟች ነበሩ» አሉኝ፤ አምስት ብር ከፈልኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። እኔም በጊዜው ተቀይሜ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ደግሞ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለማንም አያምኑም ነበር። ታመው ሆስፒታል ሲተኙ እንኳ ሰታቴ ለማውጣት ቁልፉን ከትራሳቸው ሥር ሄደን ነው የተቀበልነው።

ጸሐፊ አድርገው ያስመረጡኝ በክፉው ዘመን ነው። ከ1990 ወዲያ ያሉት መዝገቦች ከሌሎቹ ሁሉ ይወፍራሉ። በሽታው በስሙ አይጠራም፤ «ሳንባ ነው»፣ «ወባ ነው» ይባላል። የሚሞተው ደግሞ አዛውንቱ ሳይሆን ለእድሩ ገና ብዙ ዓመት ይከፍላል የተባለው ጎልማሳ ነው። ጡሩንባ ነፊያችን በአንድ ሳምንት ሦስት ጎህ የተነሳበት ጊዜ አለ። ካዝናው ተራቆተ። ጋሼ በአንዱ እሑድ ተነስተው «ሲሞት ድንኳን ከምንተክልለት፣ ተኝቶ ሳለ ወተት ብንገዛለትስ?» አሉ። ሌሎች እድሮች ደንባቸውን እያሻሻሉ በሽተኛና ወላጅ ያጣ ልጅ መርዳት ጀምረው ነበር። የኛ ሰዎች ግን አንድ ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቁ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው፤ እስከዚያ ስንቱን ሸኘን።

ጠላ ትሸጥ የነበረችው እናት ልጇን ያጣችው ያኔ ነው። ዓርብ ሌሊት ሞተ። ሲነጋ አምስታችን የኮሚቴ አባላት የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመናል፤ ድንኳኑ ግን አልወጣም፣ ምክንያቱም ሦስት ወር አልከፈለችም። በደንባችን ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ ይሰረዛል። ገንዘብ ያዡ አንቀጹን አነበበው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለአንዷ ከተጣሰ ለሁሉም ይጣሳል የሚል ሰው ነው፣ እውነቱንም ነው። የእናትየው ጩኸት እስከ እኛ ይሰማል።

ጋሼ መዝገቡን ተቀበሉኝ። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገለጡ፤ ሚያዝያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«የሚያዝያው ስብሰባ መቼ ነበር?»

«በመጀመሪያው እሑድ» አልኩ።

«የዚያን ለት ቀብር ነበረን። ኮልፌ ሄደናል። አልተሰበሰብንም።»

ኮልፌ መሄዳችን እውነት ነው። ሙስሊም ጎረቤታችን ሌሊት አርፈው ቀብሩ ስለማያድር ጠዋት ነው የሸኘናቸው። ከሰዓት በኋላ ግን ተሰብስበናል። ጋሼ የገለጡት ገጽ ላይ የ41 ሰው ክፍያ አለ፤ የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። ገንዘቡን የቆጠረው ደግሞ እዚያው አጠገባችን የቆመው ገንዘብ ያዥ ነው።

«ስብሰባ ያልተደረገበትን ወር አልከፈለችም ማለት አይቻልም» አሉ ጋሼ። «ስለዚህ ያለባት የሁለት ወር ነው።» መዝገቡን ዘጉት።

ማንም አልተናገረም። ገንዘብ ያዡ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ከድንኳኑ ቋሚዎች ሁለቱን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ሌሎቻችን ሸራውን ተሸከምን። በዚያ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ከጋሼ ጋር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሴትዮዋም ይህን አታውቅም፤ ባለውለታ ሳትሆን ልጇን በደንቡ መሠረት ቀበረች።

በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ግማሻችን ገላን ጉራ ደረስን፣ ሌላው የትም ተበተነ። አንዳንዱ «ድስቱም ሰሃኑም ይሸጥና እንካፈል» አለ። ጋሼ ያኔ በከዘራ ነው የሚሄዱት። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ በፌስታል ይዘው መጡ። ማኅበር ማለት ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል የማይቋቋም ነው የሚለውን ቦታ በስፌት ጠመኔ አስምረውበታል። ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ድስቱ የሟቾችም ነው፤ ድርሻቸውን ማን ይወስድላቸዋል?» ብለው ተቀመጡ። ሳይሸጥ ቀረ። ዕቃው አሁን አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ለቅሶ ሲኖር በአይሱዙ ይሄዳል፣ የጭነቱ ዋጋ ከመዋጮው ይበልጣል።

ጋሼ ሰኞ ማታ ሲያርፉ ልጃቸው ደወለችልኝ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ጡሩንባ ነፊያችን ከሞተ ቆይቷል፤ ቢኖርስ የቱ ኮረብታ ላይ ቆሞ ነው ገላን ጉራንና ኮዬ ፈጬን የሚያዳርሰው? ጡሩንባው ዕቃ ቤት በሚስማር ተሰቅሏል። ቀብሩ ላይ ስም ስጠራ አሥራ አንድ ሰው «አለሁ» ሳይል ቀረ። ሦስቱ ስልካቸው ኢንተርኔት እንዳልነበረው በኋላ ሰማሁ። አንዷ ሁለት ታክሲ ቀይራ ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል። የሌሎቹን አላውቅም። ከነሱ አንዱ እንዲሁ የቀረ ይመስለኛል።

ቅድም የደንቡን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩ። የቀብር ቀሪ ቅጣት የሚለው አንቀጽ እንዲህ ይጀምራል፦ «በጡሩንባ ጥሪ ከተደረገ በኋላ...»። ማንም አላሻሻለውም። ጡሩንባ አልተነፋም።

ጋሼ ቢሆኑ ለራሳቸው ቀብር ይህን ቀዳዳ ይቀበሉት ነበር ወይስ አሥራ አንዱንም ይቀጧቸው ነበር? ያቺን የሁለት ታክሲዋን ይምሯት ይሆናል። እንዲሁ የቀረውን ግን አምስት ብሩን አይለቁለትም።

ቀኑን ጻፍኩ። ከሥሩ «ጥሪ በደንቡ መሠረት አልተደረገም» ብዬ አሰፈርኩ። እሑድ ገንዘብ ያዡ ያነበዋል።