«ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ቢቆረጥስ?» ለሲኒየር አንድሮይድ ዴቨሎፐርነት የተጠየቅኩት

የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን በመሥራት ሰባት ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የክፍያ ቴክኖሎጂ ድርጅት ለሲኒየር ዴቨሎፐርነት ተወዳደርኩ። የዝግጅት ጊዜዬን ያሳለፍኩት በአብዛኛው የአልጎሪዝም (የችግር አፈታት ስልት) ጥያቄዎችን በመፍታት ነበር፤ ይህ ክፍል ግን ከአርባ ደቂቃ አልበለጠም፤ ከባድም አልነበረም።

የፈተነኝ የሲስተም ዲዛይን፣ ማለትም አንድ መተግበሪያ በአጠቃላይ እንዴት እንደሚነደፍ የሚጠየቅበት፣ ውይይት ነው። ጠያቂዬ፣ «ደንበኛው ‹ላክ› የሚለውን ተጭኖ መልስ ሳይደርሰው ኔትወርክ ቢቋረጥ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። ዎርክማኔጀር የሚባለው፣ ሥራዎችን ከጀርባ የሚያስፈጽመው የአንድሮይድ መሣሪያ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ እንደገና ይልከዋል ብዬ ወዲያው መለስኩ። «የመጀመሪያው ጥያቄ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ ቢሆንስ?» ሲሉኝ፣ ከአንድ ሰው ሂሳብ ሁለት ጊዜ ገንዘብ የሚቆርጥ ንድፍ እንዳቀረብኩ ገባኝ።

መልሱን በሚገባ የሠራሁት ቤቴ ገብቼ ነው። ስልኩ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ለዝውውሩ የማይደገም መለያ ፈጥሮ ስልኩ ላይ ባለው የመረጃ ማከማቻ (ሩም ዳታቤዝ) ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሙከራው ስንት ጊዜ ቢደጋገም ያው መለያ አብሮት ይሄዳል፤ ሰርቨሩም መለያውን ቀደም ብሎ ተቀብሎት ከሆነ አዲስ ዝውውር ሳይፈጽም የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈውም ቃል ቢሆን የንድፉ አካል ነው፤ ውጤቱ ገና ያልታወቀን ዝውውር «አልተሳካም» ማለት ደንበኛውን እንደገና እንዲልክ መገፋፋት በመሆኑ፣ «በመጣራት ላይ ነው» ማለት ይገባል።

የስክሪኑን መረጃ ስለሚይዘው የኮድ ክፍል፣ ስለ ቪውሞዴል፣ ስጠየቅም የመለስኩት ግማሹን ብቻ ነበር። ስክሪኑ ሲዞር መረጃውን ይዞ ይቆያል፤ ሚሞሪ ሲያንስ ሲስተሙ ከጀርባ ያለውን መተግበሪያ ሲዘጋው ግን አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ደንበኛው ጀምሮ የተወው ቅጽ ሲስተሙ መተግበሪያውን ቢዘጋውም መረጃው እንዳይጠፋ በሚያደርገው በሴቭድስቴትሃንድል መቀመጥ አለበት። ርካሽ ስልክ በብዙ ሰው እጅ ባለበት አገር ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ያን ሥራ አላገኘሁም። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ድርጅት የመልእክት መተግበሪያ እንድነድፍ ሲጠይቀኝ፣ የአንድም የሶፍትዌር መሣሪያ ስም ከመጥራቴ በፊት ተጠቃሚዎቹ ምን ዓይነት ስልክ እንደሚይዙ፣ መልእክት ቢዘገይና ቢደገም የትኛው የበለጠ እንደሚጎዳቸው፣ ያለ ኔትወርክ ምን ያህል መሥራት እንዳለበት ጠየቅኩ። ሰሌዳው ላይ የንድፉን የመጀመሪያ ሳጥን የሣልኩት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነበር፤ ጠያቂዎቼም አላቻኮሉኝም። አሁን የምሠራው እዚያ ነው።