ከኤሲው ጋር የተጣላሁበት የቡና ምርምር
የሐረር ቡናን ካፌይን በስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙና ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው ማሽን) ልትለኩ ያሰባችሁ፣ በተለይ ድሬዳዋ ሆናችሁ፣ ይህን አንብቡ። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ቡናውን መፍጨት፣ ማፍላት፣ ካፌይኑን ዳይክሎሮሜቴን በሚባል ሟሟ ለይቶ ማውጣት አያስቸግርም። ናሙናው የሚቀመጥበት ትንሽ ብልቃጥ (ኩቬቱ) ኳርትዝ ይሁን፤ መለኪያው ብርሃን አልትራቫዮሌት ነው፣ ተራ ብርጭቆ አልትራቫዮሌት አያሳልፍም።

አበሳው የመጣው ንባቡ ላይ ነው። በዳይክሎሮሜቴን ውስጥ ካፌይን ብርሃን አብዝቶ የሚውጠው 276 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ያንኑ ናሙና ሳልነካው ደጋግሜ ሳነበው ቁጥሩ አይረጋም። ከቀትር በኋላማ ጭራሽ ይብስበታል። መመሪያው «ደጋግመህ ለካና አማካዩን ውሰድ» ይላል። እውነት ነው፣ 16 ንባብ ኖይዙን (የንባቡን መዋዠቅ) ወደ ሩብ ያወርደዋል። ግን ይሄ የሚሠራው ወዲህና ወዲያ በዘፈቀደ ለሚዘል ኖይዝ ነው። የኔው ወደ አንድ ወገን ይንሸራተት ነበር። እንዲህ ያለውን መቶ ጊዜ ብታነቡት አማካዩም አብሮ ይንሸራተታል።

ሰበቡ ሁለት ነው። ኤሲውና ማሽኑ አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ኮምፕረሰሩ በተነሳ ቁጥር ግራፉ ይዘላል። የማሽኑ አልትራቫዮሌት ምንጭ የሆነው የዲዩተሪየም መብራትም አርጅቷል። ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 እስከ 2000 ሰዓት ነው፤ የኛው ካለፈው ቆይቷል። መብራት ሲደክም ብርሃን ተቀባዩ (ዲቴክተሩ) ጋ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል፣ ኖይዙም ይጎላል፣ ንባቡም ይንሸራተታል።

ይቀየር ብዬ ጻፍኩ። ግዥ ክፍል «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» አለኝ። አንድ ሻጭ ማግኘት መከራ የሆነበትን ዕቃ፣ ሦስት! የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ የሚያረጋ ስታቢላይዘር ጠየቅሁ። ያለው የኃላፊው ቢሮ ፍሪጅ ላይ ተሰክቷል። ቴክኒሻኑ ደግሞ «አቦ ተወው፣ ካሊብሬት ተደርጓል» እያለ ማሽኑ ልኩ ተፈትሾ መስተካከሉን የሚያሳይ የተለጠፈ ወረቀት ያሳየኛል። አምና የተለጠፈ ወረቀት የዛሬን ኖይዝ ከየት ያውቃል? እስካሁን ያናድደኛል።

እና እንዲህ አደረግሁ። ድሬ ሳትግል፣ በማለዳ ገባሁ። መመሪያው ክፍሉ በኤሲ ይቀዝቅዝ ቢልም አጠፋሁት። ማሽኑን አንድ ሰዓት አሞቅሁት። በየናሙናው መሃል ባዶውን (ካፌይን የሌለበትን) ሟሟ አነበብኩ፤ መንሸራተቱን የሚያጋልጠው እሱ ነው። ወፍራም ናሙና ሁሉ ይቅጠን፤ አብዞርባንስ (ናሙናው የሚውጠው ብርሃን መለኪያ) 2 ላይ ዲቴክተሩ ጋ የሚደርሰው ብርሃን 1 በመቶ ብቻ ነው። ከ0.2 እስከ 0.8 ድረስ ይመቻል።

ውጤቴን ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ ጻፍኩ። ገምጋሚው ሌሎቹ በአራት እንደጻፉ ነገረኝ። የባዶውን ንባብ ሰንጠረዥ ዘርግቼ ሦስተኛው አሃዝ ምን ያህል እንደሚዋልል አሳየሁት። የሌሎቹን የባዶ ንባብም እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። አልነበራቸውም።