በእጃችሁ ያለው ጠጣር ቤንዞይክ አሲድ ነው? ንጹሕስ ነው?

ጎንደር ላይ የፈሳሽን ማንነት በመፍላት ነጥብ የሚመረምር ሰው መጀመሪያ ከፍታውን ያስብ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ መጽሐፍ ላይ 78 የተጻፈለት ኢታኖልም (አልኮል) 72 ገደማ ላይ ይንተከተካል። ይህ የአየር ግፊት እንጂ የናሙናው ጥፋት አይደለም።

የመቅለጫ ነጥብን ግን ከፍታ አይነካውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እንደ ቤንዞይክ አሲድ ላለ ጠጣር እሱን አስቀድሙ። የደረቀና የደቀቀ ናሙና በካፒላሪ ቱቦ (በጣም ቀጭን የመስታወት ቱቦ) ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጠቅጥቁ፤ ከ112 ዲግሪ በኋላ ሙቀቱ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ብቻ ይጨምር። ከቸኮላችሁ ቴርሞሜትሩ ወደኋላ ይቀራል። 122 አካባቢ ቶሎ ጥርት ብሎ ከቀለጠ መልካም፤ 115 ጀምሮ 120 ከጨረሰ ወይ ባዕድ ነገር አለበት ወይ አልደረቀም። ከታወቀ ቤንዞይክ አሲድ ጋር እኩል ቀላቅላችሁም አቅልጡት፤ ነጥቡ ከወረደ ሌላ ነገር ነው። እንደኔ ይህን ያህል ርካሽ፣ ይህን ያህል የሚናገር ሙከራ የለም።

ቲኤልሲ (ናሙናን በስስ ሽፋን ሰሌዳ ላይ የሚለያይ ዘዴ) ላይ አንድ ነጠብጣብ ብቻ ማየት አያስፈንጥዝ፤ ውኃና የገበታ ጨው በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት አይታዩም። ናሙናን በመሣሪያ ለያይቶ በግራፍ የሚያሳየው ኤችፒኤልሲም ያው ነው፦ በግራፉ ላይ 99 በመቶ የፒክ (የጉብታ) ስፋት 99 በመቶ ክብደት ማለት አይደለም።

መጠኑን ቲትሬሽን፣ ማለትም ትኩረቱ (ኮንሰንትሬሽኑ) የታወቀ ቤዝ ጠብ እያደረጉ አሲዱን እስኪጨርስ መለካት፣ ይነግራል። ናሙናውን በኢታኖል አሟሙ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ማብቂያውን የሚያሳየውን ፊኖልፍታሊን ጨምሩ፤ 1 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከ12.21 ሚሊ ግራም ቤንዞይክ አሲድ ጋር እኩል ነው። ኢታኖሉ ራሱ ትንሽ አሲድ ሊኖረው ስለሚችል ያለ ናሙና ደግማችሁ የፈጀውን ቀንሱ። የቆየ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ትኩረቱን በዕለቱ አረጋግጡ።