መጀመሪያ ወደሚሠራው እንመለስ

የዋይፋዩ ነገር ዛሬ ተቋጨ። እፎይ ብያለሁ።

ቢሯችን አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና የጫንባቸው ላፕቶፖች ከርነላቸው (ሃርድዌሩን የሚያዘው የስርዓቱ እምብርት) ከታደሰ ወዲህ አመል አወጡ። ክዳናቸው ተዘግቶ ሲከፈት ዋይፋዩ ይቋረጣል። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚወቀሰው ደግሞ የታወቀ ነው፦ መስመሩ፣ መብራቱ፣ ራውተሩ። ሒሳብ ክፍል ያሉት እናታችን "ልጄ፣ እስቲ ነቅለህ ሰካው" ይሉኛል። እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ። የሁሉም ሰው ስልክ ግን በዚያው ራውተር ያለ ችግር ይሠራል።

መልሱ ከርነሉ የሆነውን በሚጽፍበት መዝገብ ላይ ተገኘ። ላፕቶፑ ከራውተሩ የተለያየው በራሱ ምርጫ ነው ይላል፤ ምክንያት ቁጥር 3። በዋይፋይ ደንብ 3 ማለት "ለቅቄ እየሄድኩ ነው" ማለት ነው። ያባረረው የለም። ይህን የመዝገቡን ጽሑፍ ለእናታችን ሳሳያቸው "ታዲያ ምን አስከፋው?" አሉኝ። መጠየቅ ያለበትም እሱ ነበር።

ጥፋቱን ያመጣው የትኛው የኮድ ለውጥ እንደሆነ በጊት ባይሴክት፣ ለውጦቹን ለሁለት እየከፈለ በሚያጣራ መሣሪያ፣ ፍለጋ ገባሁ። በሁለት የከርነል እትሞች መካከል ከ10,000 በላይ ለውጦች ይገባሉ። መሀሉ ላይ ያለውን ትሞክራለህ፤ ከሠራ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ ነው፣ ካልሠራ ከዚያ በፊት። በየሙከራው ግማሹ ስለሚወድቅ 14 ያህል ሙከራ ይበቃል። ግን በየሙከራው ከርነሉን እንደ አዲስ መገንባት አለ፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ጉድ ነው።

በመጨረሻ የቀረችው ባትሪ ለመቆጠብ የገባች አጭር ለውጥ ነበረች። ሐሳቧ መልካም ነው። የዋይፋይ ካርዱ በቅጡ ሳይነቃ ግንኙነት ማስጀመሯ ነው ችግሩ።

ላይዋ ላይ ሌላ ማስተካከያ እንጨምር የሚል ሐሳብ ተነሳ። እኔ አልተዋጠልኝም፤ መጀመሪያ ለውጧ ሪቨርት ትደረግ፣ ማለትም ትሻርና ወደሚሠራው እንመለስ አልኩ። የሰው ሥራ ቆሟል እኮ! የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም ለከርነሉ ያጸናው ደንብ ይሄው ነው፦ ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ ለውጥ አይበላሽም። ሪቨርት ሲደረግ ደግሞ ታሪክ አይፋቅም። የተሳሳተው ለውጥ እዚያው ይቀመጣል፤ ከላዩ የሚሽረው ይጻፋል፣ የትኛውን እንደሚሽርና ለምን። "ለምን" የሚለውን ጊዜ ወስጄ ጻፍኩት፦ የትኛው ካርድ፣ ክዳኑ ሲከፈት ምን ሆነ፣ መዝገቡ ምን አለ። ነገ ያንኑ ሐሳብ የሚሞክር ሰው ሲመጣ ያንን ማግኘት አለበት።

የለውጡ ጸሐፊ ዛሬ በሪቨርቱ ተስማማ። አስተካክሎ እንደገና ይልከዋል። ለሙከራ አንዷን አሮጌ ላፕቶፕ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ሲመጣ መጀመሪያ እሷ ላይ እጭነዋለሁ።