የወይራዋ ታኮ

ከመሸ ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ዝናቡ አላባራም፣ መብራትም የለም። በር ልዘጋ ስነሳ እግሬ ከታኮዋ ጋር ተጋጨ። ያቺ የወይራ ታኮ እስከ ዛሬ በር ትደግፋለች።

የአያቴ የአባባ ላንድሮቨር ታኮ ናት። አባባ መኪናዋን ከአዲስ አበባ ገዝተው ሲመጡ አባዬ ገና ልጅ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ሾፌሩ ታኮዋን አሳቀፈው። ከዚያ ወዲያ የአባይ በረሃ ነው፤ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል። ፍሬኑ ግሎ ይሸታል። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ደግሞ ራዲያተሩ ይፈላል። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር አባዬ ዘሎ ወርዶ ታኮዋን ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል። አሁን በአዲሱ ድልድይ፣ በ2000 ዓ.ም. በተመረቀው፣ አብረን ስናልፍ እንኳ ዳገቱን እያሳየ «እዚያች ጋ ቆመን ነበር» ይለኛል።

አዲስ አበባ መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው። ከብቸና ወዲህ ያለችው መንደራችን ስልሳ ዓመት ያህል ጠበቀች። የደረሰላትም በክፉ ቀን ነው። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም የእርሻ ገቢ ግብሩን እምቢ ብሎ ተነሳ። ላንድሮቨር ደግሞ ለገበሬው የመንግሥት ሰው መምጫ ነበረች። ጎረቤት አባባን ይሸሻቸው ጀመር። መኪናዋን ጭድ አልብሰዋት ከረሙ።

ይህን ሁሉ ስንት ጊዜ ሰማሁት። ዛሬ ግን ሴት አያቴ፣ እማማ፣ ትዝ አሉኝ።

ለመኪናዋ የተሸጡት ላሞች እማማ ከአባታቸው ቤት ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። አባዬ ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሁላችንም እስከ ዛሬ የምንለው «የአባባ መኪና» ነው። የማን ላም እንደነበረ የሚያነሳ የለም። ይህ ያሳዝነኛል።

እማማ የተሳፈሩባት አንድ ቀን ነው። ታመው ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። ጋቢና ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። ሲድኑ አባባ መኪናዋን አስነስተው መጡ። እማማ «በቅሎ ፈልጉልኝ» አሉ። ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዘው ቤታቸው ገቡ።

ፈርተው ነው? ወይስ ላሞቻቸው ትዝ እያሏቸው? አባዬን ነገ ልጠይቀው? እሱስ ያኔ ጠይቋቸው ይሆን?